ለውሻው የተወረወረው ጉበት፦ ከደሴ ለደረሰን ደብዳቤ የተሰጠ ምላሽ

«የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን፣ አማቴና እኔ አብረን እንኖራለን። ቀን ታስሮ ማታ ግቢ የሚጠብቅልን ዓመት የሞላው ውሻና አንዲት ድመት አሉን። ውሻው ተከትቦ አያውቅም። ለአረፋ በግ አርደን ሆዱ ሲከፈት ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ እባጮች ተገኙ። አማቴ ‹ይኼማ ለሰው አይሆንም› ብለው ለውሻው ወረወሩለት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ሰሞኑን ደግሞ ጅራቱ ሥር ሩዝ የመሰለ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። የአራት ዓመቱ ልጄ ከውሻው ጋር ነው የሚውለው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሲጫወቱ እጁን በጥርሱ ቧጨር አድርጎት ነበር፤ ቀላል ስለሆነ ዝም አልነው። ጎረቤቶቼ ‹ኮሶ አለበት፣ ወስዳችሁ ጣሉት› ይሉኛል። ባለቤቴ ለበጎች ከተገዛው የትል መድኃኒት እንስጠው ባይ ነው። እኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ድመቷንም አስወጪ ተብያለሁ። ምን ላድርግ?»

ውድ እህታችን፣ ያነሱት ጥያቄ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እናያለን። «ቀላል ስለሆነ ዝም አልነው» ብለው ያለፏት ነገር ግን ከትሉም ከድመቷም ትቀድማለች፤ ከእሷ እንነሳ።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ጥርስ ቆዳን ከላጠ ደም ባይፈስም ንክሻ ነው። የልጅዎን ጉዳይ የሚያቀልለው ውሻው የራሳችሁ መሆኑና ዓይናችሁ ሥር መዋሉ ነው። በሽታው ምራቁ ውስጥ የገባ ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ወይ ምልክት ያሳያል ወይ ይሞታል። የእናንተው ከዚያ ቀን ወዲህ 2 ሳምንት አልፎት ዛሬም እንደ ወትሮው የሚበላና የሚጠጣ ከሆነ፣ ድምፁ ካልጎረነነ፣ ለሃጩ ካልተዝረበረበ፣ የኋላ እግሩ ካልተሳበ፣ ቤተሰቡን ለይቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ በዚያች ጭረት ልጁ በሽታው አልተላለፈበትም። እንዲያም ሆኖ የልጁን የክትባት ካርድ ይዘው ጤና ጣቢያ ብቅ ይበሉና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ።

የዚህኛው ማለፍ ግን ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም። ውሻው አልተከተበም፤ ማታ ሲፈታ ከሰፈር ውሻ ጋር ይገናኛል። በዚሁ ሳምንት ያስከትቡት። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። የእናንተው ዓመት ሙሉ ያለ ክትባት ስለቆየ ቀጠሮ የሚያስጠብቅ ነገር የለውም። ድመቷም አብራ ትከተብ፤ ድመትም በዚህ በሽታ ትያዛለች፣ ታስይዛለችም።

ሌላ ጊዜ ጥርስ ቆዳ ከነካ፣ የራሳችሁ ውሻም ሆነ የሰው፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ሳሙናና ውሃ ነው። ቁስሉ ከቧንቧ ወይም ከጀሪካን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። ሰዓት አይታችሁ ጀምሩ፤ ልጅ ሲያለቅስ 1 ደቂቃው 15 ይመስላልና ብዙ ሰው ቶሎ ይተወዋል። ቫይረሱ ወደ ነርቭ ከመግባቱ በፊት ቁስሉ ላይ ይቆያል፣ ሳሙናው ደግሞ የቫይረሱን የስብ ሽፋን ስለሚያፈርሰው ነው ይህን ያህል የምናጠብቀው። ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ፣ የተወቀጠ ቅጠል አይደረግበት። ቁስሉ ወዲያው አይሰፋ። ከታጠበ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ነው። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያበቃም። የመጀመሪያው በዕለቱ፣ ቀጣዮቹ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን፣ የቀረው ደግሞ ባለሙያው በሚጽፈው ቀጠሮ ይሰጣል። ሕመም የለውም ተብሎ የመጨረሻዎቹን መተው በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ንክሻው ደም ካፈሰሰ፣ በተለይ ፊት፣ አንገት ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ሌላ መድኃኒት አለ፤ መኖሩን ጠይቁ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ መርፌው ግን ለአንድ ቀን እንኳ አይዘግይ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።

የነከሰውን ውሻ አትግደሉት። ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ 10 ቀን ይጠበቅ፤ ጤነኛ ሆኖ መቆየቱ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። በመሐል ከሞተ ወይም ተገድሎ ከተገኘ በባዶ እጅ አትንኩት፣ አትቅበሩትም። ለከተማው የእንስሳት ሕክምና አሳውቁ። ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ ራሱ የተፈጨ ውሻ ለምርመራ አይሆንም።

ወደ ትሉ እንመለስ። ጅራቱ ሥር ያዩት ሩዝ የመሰለ ነገር ከጉበቱ የመጣ አይደለም፤ ከቁንጫ የመጣ ነው። የኮሶ ዘመድ የሆነ የውሻ ትል ቁራጭ ሲሆን ሲደርቅ ሰሊጥ ያክላል። ገና ያላደገው የቁንጫ እጭ የትሉን ዕንቁላል ይበላል፤ አድጎ ቁንጫ ሲሆን ውሻው ራሱን በጥርሱ ሲያክክ ይውጠዋል፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ትሉ አድጎ ቁራጩን መጣል ይጀምራል። ልጅ የሚያዘው ቁንጫዋን ራሷን ቢውጥ ነው። ቢያዝም ቀላል ነው፣ በመድኃኒት ይወገዳል። ሰው ላይ የምናውቀው ኮሶ ደግሞ ከከብት ጥሬ ሥጋ የሚመጣ ስለሆነ ጎረቤቶችዎ እንደሚሉት ከውሻው ወደ ልጁ አይሻገርም።

እኛን ያሳሰበን ያ ጉበት ነው።

ያ ውሃ የቋጠረ እባጭ ውስጡ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለው፤ ፈሳሹ ውስጥ በዓይን የማይለዩ ብዙ የትል ራሶች አሉ። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ራሶቹ አንጀቱ ላይ ተጣብቀው እያንዳንዳቸው ትል ይሆናሉ። ትሉ ካደገ በኋላ እንኳ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ሺህ ቢኖሩበት ውሻው አይከሳም፣ አያስታውክም፣ ጅራቱ ሥርም የሚታይ ነገር አይወጣም። ከበላው ከ6 እስከ 7 ሳምንት በኋላ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል፤ ፀጉሩና አፍንጫው ላይም ይጣበቃል። ሣር ላይ ያረፈውን በግ ይግጠዋል፣ እጅ ላይ የደረሰውን ሰው ይውጠዋል። ከዚያ በሰውም ጉበት ላይ፣ አንዳንዴም ሳንባ ላይ ያው እባጭ ይሠራል። የሚያድገው በዝግታ ስለሆነ በልጅነቱ የተያዘ ሰው ሕመሙ የሚሰማው ካደገ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ወይም ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ የሚያረጋጋዎትን እንንገርዎ። ከዚያ በግ ሥጋ የበላ ሰው በመብላቱ አይያዝም። እባጩ ትል የሚሆነው ውሻና የውሻ ዘመድ በሆኑ አውሬዎች አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰው የሚያዘው ከውሻው በሚወጣው ዕንቁላል ነው። አማትዎም ለቤተሰቡ አስበው ያደረጉት ነው፤ በየግቢው የሚደረግ ነገር ነውና አይውቀሷቸው። ዕርድ ባለበት ሁሉ የእነዚህን ትሎች ዙር ሕያው አድርጎ ያቆየው ግን ይኸው ለውሻ መወርወር ነው።

ጊዜው አላለፈም። ጉበቱን ከበላ 3 ሳምንት ስለሆነው ከዚያ የገባው ትል ገና ዕንቁላል አልጣለም። አሁን መድኃኒት ከዋጠ ትሉ ሳይወልድ ይሞታል። ከዚያ በፊት በሌላ በዓል ጥሬ ሆድ ዕቃ በልቶ ከሆነ ግን አሁንም ዕንቁላል እየጣለ ሊሆን ስለሚችል ዓይነ ምድሩን እንደ ተበከለ ቆጥራችሁ ያዙት።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ልኩ ለ1 ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ነው። ለውሻ የሚሠራው እንክብል ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊግራም ይዞ ለ10 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ 18 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 90 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፣ 2 እንክብል ይሰጠዋል። ክብደቱን በግምት አትናገሩ። ባለቤትዎ ውሻውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ ብቻቸውን፤ ልዩነቱ የውሻው ነው። ሰው ፋርማሲ የሚገኘው የዚሁ መድኃኒት እንክብል 600 ሚሊግራም ነው። ይህ ለ120 ኪሎ ውሻ የሚበቃ ስለሆነ በቢላ እየሸረፉ መስጠት አያዋጣም። ከእንስሳት ሐኪም እጅ ሲወስዱ ወስፋትንና የመንጠቆ ትልን አብሮ የሚገድለውን ዓይነት ይጠይቁ፤ በልጆች አካባቢ ለሚኖር ውሻ ይህም ያስፈልጋል። እንክብሉ መራራ ነው። በተቀቀለ ሥጋ ውስጥ ደብቃችሁ ስጡት፣ ከዋጠም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ እዩት፤ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ዞር ሲሉ የሚተፋ ውሻ ብዙ ነው።

ባለቤትዎ ያሰቡት የበግ መድኃኒት አይሆንም። ለበግ በብዛት የሚገዛው አልቤንዳዞል በአንድ ጊዜ መጠጣት ይህን ትል ከውሻ አያጠራም፤ ደጋግመው ቢሰጡት ደግሞ ደም የሚሠራበትን መቅኔ ይጎዳል። ከቆዳ ሥር የሚወጋው አይቨርሜክቲን የኮሶ ወገን የሆኑትን ትሎች አይነካም። ለከብት የተዘጋጀው ጠርሙስ ለውሻ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ መብለጡ አንጎሉን ይመታል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይታወራል፣ ሊሞትም ይችላል።

ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፣ ዕንቁላሉን ግን አይገድልም። ስለዚህ ከዋጠበት ሰዓት ጀምሮ ለ3 ቀን ማታም አይፈታ። ዓይነ ምድሩ በአካፋ ይለቀም፣ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። ይህን ሥራ እርስዎ በእርግዝናዎ አይሥሩት፤ ባለቤትዎ እጃቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ይሥሩት። የታሰረበት ሲሚንቶ ከሆነ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት። በረኪና ይህን ዕንቁላል አይገድለውም፤ ግቢውን በበረኪና አጥቦ መረጋጋት ከንቱ ነው። ዕንቁላሉ የሚጠፋው በሙቀትና በድርቀት ነው። እንደ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ቀዝቃዛ ከተማ ጥላና እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል። ውሻውን ፀሐይ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ማሰር፣ ከጓሮ አትክልቱም ማራቅ የምንለው ለዚህ ነው።

ቁንጫው ካልጠፋ ሩዙ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ውሻው ላይ የሚታዩት ቁንጫዎች ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ናቸው፤ ዕንቁላሉ፣ እጩና ሽፋን ውስጥ የተኛው መኝታውና ወለሉ ላይ ነው። የተኛበት አሮጌ ጆንያ ይቃጠል፣ ጨርቁ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ማደሪያው በደንብ ተጠርጎ ጥራጊው ይቃጠል። በዚያው ዕለት ውሻውም ድመቷም የየራሳቸው የቁንጫ መድኃኒት ይደረግላቸው፤ ሽፋን ውስጥ የተኛው ቁንጫ ቆይቶ ስለሚወጣ ቢያንስ ለ3 ወር በየወሩ ይደገም። ለውሻ የሚሸጠው አንዳንዱ ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ድመት ይህን ማስወገድ ስለማትችል ይገድላታል። ለከብት መዥገር ወይም ለሰብል የሚረጨውን፣ እንደ ዲያዚኖን ያለውን፣ ልጆች በሚያቅፉት እንስሳ ላይ ፈጽሞ አይርጩ።

ለሚቀጥለው ዕርድ፣ አረፋም ይሁን ገና ወይም ፋሲካ፣ ከማን ቤት እንደሆነ አይለይም፣ ሥርዓቱ አንድ ነው። ቢላው ሳይወጣ ውሻው ይታሰር፣ ግቢው እስኪጠረግም አይፈታ። ጉበቱና ሳንባው በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅም ይዳሰስ፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ያለው እባጭ ላይ ላዩን አይታይም፣ ሲጫኑት ግን ይጎረብጣል። እባጩን ለማፍረጥ አይሞክሩ፣ ዙሪያውን ቆርጣችሁ አውጡት። የተበላሸው ክፍል ቢቻል ይቃጠል፤ ካልሆነ ቢያንስ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ተቀብሮ አፈሩ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ይጫንበት። ስልባቦት በምታክል አፈር የተሸፈነውን ውሻ በዚያው ሌሊት ቆፍሮ ያወጣዋል፣ የእናንተው ባይሆን የጎረቤት። ለውሻው ድርሻ መስጠት ከፈለጋችሁ ሆድ ዕቃው ቡጢ ቡጢ በሚያክል ተቆርጦ ለዚሁ በተለየ ድስት ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ይቀቀል፤ ያን ጊዜ እባጭ የነበረበት እንኳ አያስይዝም። የበግ ጭንቅላትም ጥሬውን አይሰጠው። በጎች አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው የሚዞሩበት በሽታ የሚመጣው፣ እባጭ ያለበት አንጎል የበላ ውሻ ግጦሽ ላይ ከሚጥለው ዕንቁላል ነው። ገጠር በግ የሚያረቡ ዘመዶች ካሏችሁ ይህን ሳትነግሯቸው አትቅሩ። ዕርዱ ቄራ ከሆነ የሥጋ መርማሪው የጣለውን «ለውሻዬ ስጡኝ» ብሎ መለመንም ይቅር። በእነዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውስጥ እንኳ ጥሬ ሆድ ዕቃ አፉ እንደገባ የተጠረጠረ ውሻ መድኃኒቱን በ6 ሳምንት ውስጥ ይድገም፤ ያለበለዚያ በየ3 ወሩ ይበቃዋል።

ለልጅዎ አሁን የሚሰጥ መድኃኒት የለም። የሰገራ ምርመራም ስለዚህ ትል ምንም አይነግርዎትም፤ ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ አይኖርምና። ያንን «ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ይዘው እንዳይዘናጉ። አልትራሳውንድ ይሠራ ቢባልም ትናንት የገባ ነገር ዛሬ አይታይም። ወደፊት በቀኝ ጎድኑ ሥር የሚቆይ ሕመም ወይም እብጠት፣ ወይም መነሻው ያልታወቀ የቆየ ሳል ከታየበት ለሐኪሙ «ውሻ ያለበት ቤት ነው ያደገው» ብለው ይንገሩ፤ ያቺ ቃል ምርመራውን ታሳጥራለች። እስከዚያው ከውሻው ጋር ተጫውቶ ሲመለስ፣ ምግብ ከመቅረቡም በፊት እጁ በሳሙና ይታጠብ፣ ጥፍሩ ይቆረጥ። ውሻው ፊቱን እንዲልሰው አይፍቀዱ፣ በሚበላበት ሰሐን አይበላ። ከጓሮ የሚመጣ ሰላጣና ካሮት በሚወርድ ውሃ ቅጠል በቅጠል ይታጠብ፤ ሎሚና ኮምጣጤ ለጣዕም እንጂ ለዚህ ዕንቁላል አይሠሩም።

ውሻውን ቦርከና ወንዝ ዳር ወስዶ መጣልን በፍጹም አንመክርም። የተጣለ ውሻ የሚበላው ቄራ ዳርና ቆሻሻ መጣያ ያገኘውን ጥሬ ነው፤ አይከተብም፣ መድኃኒት አይውጥም፣ ብዙ ጊዜም ወደዚያው ሰፈር ይመለሳል። የታሰረ፣ የተከተበና የተቀቀለ የሚበላ ውሻ ከእነዚህ በሽታዎች አንጻር ለልጆችዎ እጅግ የተሻለ ነው። ለክትባት ሲወስዱት አፉን በሰፊ ጨርቅ በልኩ አስረው፣ በሰንሰለት ይዘው ይሂዱ፤ ክብደቱን፣ ዕድሜውንና ጉበቱን የበላበትን ቀን በወረቀት ይጻፉ። ደሴ ውስጥ ከከተማው የእንስሳት ክሊኒክ ሌላ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው ባለሙያ ሩቅ አይደለም።

ድመቷን አያስወጧት። ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተህዋስ ነው። ድመት የምትጥለው ብዙውን ጊዜ በሕይወቷ አንዴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው። የጣለችውም ወዲያው አያስይዝም፣ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ዓይነ ምድሯ በየቀኑ፣ ከእርስዎ ሌላ በሆነ ሰው ከተጠረገ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋ አትብላ፤ እርስዎም እስኪወልዱ ድረስ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ያለ ክትፎና ዱለት ይተዉ፤ በዚህ መንገድ የሚያዝ ሰው ብዙ ነው። ጓሮ ሲኮተኩቱ ጓንት ያድርጉ። ለቅድመ ወሊድ ክትትል ሲሄዱም ቤት ውስጥ ድመት እንዳለች ለአዋላጇ ይንገሯት።